ለቤት የሚሆን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፦ አዲስ ይሻላል፣ ያገለገለ ወይስ ሚኒ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለቤተሰቡ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ሱቅ የሚቀርብለት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «አይ5 ይሁንልዎት ወይስ አይ7?» የሚል ነው። አይ5ና አይ7 ኢንቴል የሚባለው አምራች ለፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ለሚባለው ክፍል፣ የሚሰጣቸው የደረጃ ስሞች ናቸው። ጥያቄው ለሻጩ ይመቸዋል፤ ገዢውን ግን ከሚያስፈልገው ነገር ያርቀዋል። ስለ ኮምፒውተር ብዙ የማያውቅ ሰው መልሱን ስለማያውቅ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። ከ10 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ማሽን «አይ7» የሚል ተለጣፊ ስላለበት ብቻ በውድ ዋጋ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው። ደመወዛቸውን አጠራቅመው ለልጆቻቸው ኮምፒውተር የሚገዙ ወላጆች እንዲህ ሲሆንባቸው ማየት ያናድደኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ልጆች የሚማሩበት፣ ደብዳቤና ሒሳብ የሚሠራበት፣ ቪዲዮ የሚታይበት፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በምስል የሚወራበት ተራ ቤት ከሆነ፣ ከርካሽ አዲስ ኮምፒውተር ይልቅ ከቢሮ የወጣ፣ ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይሻላል። በዋጋው ልዩነት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባለ ባትሪ መሣሪያ) እና ደህና ሞኒተር ይገዛበታል። ይህ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ለማን እንደማይሆን ከታች እገልጻለሁ።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ተጽፎ ነገ የሚያሳስት ሆኗል። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቀው፣ ተመሳሳይ ማሽን ምን ያህል እንደሚባል በዚያው ቀን ያነጻጽሩ።

ማን ምን ሊሠራበት ነው?

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ይህን ወረቀት ላይ ይጻፉት። «ለሁሉም ነገር» የሚል መልስ ሻጩን እንጂ እርስዎን አይጠቅምም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ተማሪ ያለበት ቤት ልጁ ማውስና ኪቦርድ እንዲለምድ ይፈልጋል። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም። አካውንቲንግ የሚማር ወይም በሙያው የሚሠራ ካለ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም መጫኑ አይቀርም። የቢሮ ጽሑፍ ቤት የሚጨርስ ሰው ደግሞ ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ይፈልጋል። ሁለቱም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት በዊንዶውስ የማይሠራው የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ፣ ሲያምረው ቆም ብሎ ያስብ።

የኢንጂነሪንግ ወይም የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ከበድ ያለ ጌም የሚጫወት ወጣት ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለእነዚህ 16 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) መነሻ ነው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያቀናብር ክፍል) ደግሞ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ካርድ የሚገባው ትልቁ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ትናንሾቹን ሳጥኖች ከወዲሁ ይርሷቸው።

ከማርካው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ብታዘዝ «ኤስኤስዲ ይኑረው» እላለሁ፤ ኤስኤስዲ ፋይሎች የሚቀመጡበት አዲሱ ዓይነት ማከማቻ ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና እየተንቀሳቀሰ የሚያነብ ክንድ አለው። ዊንዶውስ ሲነሣ እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠራል፤ ክንዱም ለእያንዳንዱ ይመላለሳል። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ተመድቦ ሁሉም ባለጉዳይ በአንድ ጊዜ ፋይሉን ሲጠይቀው እንደማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ የተጠየቀውን ወዲያው ያቀርባል። ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው ነገር ግን በድሮ ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒውተር ከተከፈተ በኋላ ለደቂቃዎች ሲንገታገት ይታያል። መካከለኛ ፕሮሰሰር ኤስኤስዲ ሲጨመርለት ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሥራ ሊጀምር ይችላል።

መጠኑ 256 ጊጋባይት ለተራ ቤት ይበቃል። የሠርግና የልደት ቪዲዮ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ፎቶ ካለዎት የድሮውን ሃርድ ዲስክ አይጣሉት፤ ዊንዶውሱ በኤስኤስዲው ላይ ሆኖ ሃርድ ዲስኩ ለማከማቻነት ብቻ ያገልግል። ሻጮች ሳታና ኤንቪኤምኢ ስለሚባሉት ሁለት የኤስኤስዲ ዓይነቶች ልዩነት ብዙ ይነግሩዎታል። በጽሑፍ፣ በኢንተርኔትና በቪዲዮ ሥራ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማዎትም። ይልቅ የኤስኤስዲውን አምራች ይመልከቱ፦ ሳምሰንግ፣ ኪንግስተን ወይም ዌስተርን ዲጂታል ይሁን፤ ስሙን ሰምተውት የማያውቁትን ዕቃ የቤተሰብ ፎቶ አደራ አይስጡት።

ራም 8 ጊጋባይት ቢያንስ፣ 16 ቢሆን ደስ ይላል። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 በ4 ጊጋባይት ይሠራል ይላል፤ መሥራቱ ይሠራል፣ ነገር ግን ብሮውዘሩ ላይ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱ መተንፈስ ያቅተዋል። ባለ 8 ከገዙ በኋላ ሌላ 8 የሚጨመርበት ክፍት ቦታ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ መኖሩን ይጠይቁ።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስንመጣ፣ አይ3፣ አይ5፣ አይ7 የሚለው በአንድ ዘመን ውስጥ ያለ ደረጃ ነው፤ ዘመኑን የሚናገረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባለ አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ፣ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ጀነሬሽኑን ያሳያሉ። አይ7-2600 ማለት 2ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ገበያ ላይ የወጣው በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አይ3-10100 ደግሞ 10ኛ ጀነሬሽን ሆኖ በ2020 የወጣ ነው። ሁለቱም አራት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚካፈሉ ክፍሎች) አላቸው፤ «ትንሹ» አይ3 ግን «ትልቁን» አይ7 በግልጽ ይበልጠዋል፣ ኤሌክትሪክም ያነሰ ይወስዳል። አይ5-8500 ስድስት ኮር ሲኖረው አንድ ጀነሬሽን ብቻ የሚቀድመው አይ5-7500 አራት ኮር ነው ያለው። ለዚህ ነው 8ኛን እንደ መስመር የማሰምረው።

ሁለተኛው ምክንያት ዊንዶውስ ራሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ለሚመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የተሰጠው ጭማሪም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በዋናነት 8ኛ ጀነሬሽንንና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው የሚቀበለው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። በ2017 የወጣው ጎበዝ አይ7-7700 ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው አይ3-8100 ውስጥ ገብቷል። ከመስመሩ በታች ባሉ ማሽኖች ላይም ዊንዶውስ 11ን በአቋራጭ የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ይሠራል፤ ይሁንና ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይገባም። በባንክ አካውንትና በልጆች ፎቶ የሚሠራ ማሽን በዚህ መንገድ ባይጀምር እመርጣለሁ። ቤት ውስጥ አሮጌ ማሽን ካለዎት ከመጣል በዊንዶውስ ቦታ የሚገባውን ሊነክስ ሚንት ይጫኑበት፤ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ በደንብ ያገለግላል።

ኤኤምዲ የሚባለው ሌላው አምራች ራይዘን በሚለው ስም የሚሸጣቸው ፕሮሰሰሮች ጥሩዎች ናቸው። ራይዘን 5 ሆኖ ቁጥሩ ከ3000 የሚጀምር ከሆነ አይፍሩት።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ

እነዚህ ማሽኖች ከየት ይመጣሉ? አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በጥቂት ዓመት አንዴ በጅምላ ይቀይራሉ፤ የወጡት ተሰብስበው ይሸጣሉ፣ ብዙዎቹም በዱባይ በኩል ወደ እኛ ይደርሳሉ። ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ተደርገው የተገነቡ ስለሆኑ ከርካሽ የቤት ማሽን ይልቅ ጠንካሮች ናቸው። ክዳናቸው በቀላሉ ይከፈታል፣ ባለሙያዎቻችንም አንጀታቸውን ያውቁታል። መለዋወጫም ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ይገኛል።

በገበያ የሚበዙት ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኢሊትዴስክና ፕሮዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ናቸው። ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኦፕቲፕሌክስ 7050 የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ማሽን ሲሆን 7060 ግን 8ኛ ነው። ኢሊትዴስክ 800 ጂ3 ከመስመሩ በታች፣ ጂ4 ከመስመሩ በላይ ነው። ቲንክሴንተር ኤም710 ከበታች፣ ኤም720 ከበላይ። ተራ ገዢ በመልካቸው ሊለያቸው አይችልም፤ ልዩነቱ ያለው በአንድ አሃዝ ነው። የታችኛውን በላይኛው ዋጋ መግዛት በጣም ቀላል ስለሆነ ይህን አንቀጽ ስልክዎ ላይ ይዘው ይሂዱ።

ድክመታቸውንም ልንገርዎት። መካከለኛ መጠን ያላቸው ጠባብ ሳጥኖች ፓወር ሰፕላያቸው (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው፤ ቢቃጠል ከሱቅ የሚገዛው የተለመደው ዓይነት አይገጥምም፣ ተመሳሳዩን መፈለግ ግድ ይላል። ብዙዎቹ ዋይፋይ የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ መቀበያ ለብቻው ይገዛል። ካሜራና ማይክሮፎንም የላቸውም፤ ከውጭ ዘመድ ጋር በምስል ለመነጋገር ዌብካምና የጆሮ ማዳመጫ በበጀቱ ውስጥ ይግቡ። ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስኤስዲው ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በአዲስ ኤስኤስዲ እንዲቀየርልዎት ይደራደሩ። ያገለገለ ሳጥን ችግር የለውም፤ ያገለገለ ማከማቻ ግን ችግር አለው።

አንድ ጥቅም ብዙ ሰው አያውቀውም፦ እነዚህ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ በማዘርቦርዳቸው ላይ ተመዝግቦ ይመጣሉ። ዊንዶውስ በትክክለኛው መንገድ ሲጫንባቸው ኢንተርኔት እንዳገኙ ራሳቸው ይከፈታሉ። ስለዚህ ቫይረስ ሊያስገባ በሚችል ክራክ (ፈቃድ ማለፊያ ፕሮግራም) የተከፈተ ዊንዶውስ መቀበል አያስፈልግም።

አዲሱ ትልቅ ሳጥን

አዲስ መግዛት ትክክል የሚሆንባቸው ቤቶች አሉ። በጀቱ ለ12ኛ ጀነሬሽን አይ5 ወይም ለተመጣጣኝ ራይዘን፣ ለ16 ጊጋባይት ራምና ለ512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የሚበቃ ከሆነ አዲሱን ይግዙ፤ ለብዙ ዓመት ያገለግልዎታል። በሥራው ምክንያት ሕጋዊ ደረሰኝ የሚያስፈልገው፣ ማሽን ቢበላሽ ሥራ የሚቆምበት ሰውም አዲስ ቢገዛ ይሻላል። ዋስትናው ግን የት እንደሚፈጸም ይጠየቅ። ካርቶኑ ላይ «የ3 ዓመት ዋስትና» ቢልም፣ ለጥገና ማሽኑን ዕቃው ወደ ተገዛበት አገር መላክ የሚጠይቅ ከሆነ ዋስትና አይባልም። ሱቁ በራሱ ማኅተም የሚሰጠው የስድስት ወር ዋስትና ከዚያ ይበልጣል።

ዕቃው እየተመረጠ የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ለጌምና ለዲዛይን ሥራ ጥሩ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም ሆነ ሌላው ክፍል የተለመደ መጠን ስላለው በቀላሉ ይቀየራል። ለጀማሪ ግን የሚገጣጥመው ሰው ታማኝነት ከዕቃው እኩል ወሳኝ ነው።

የማልመክረው ርካሹን አዲስ ነው። ሴለሮን የሚል ዝቅተኛ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ፣ የሚያብረቀርቅ ካርቶን። ለምሳሌ ሴለሮን ኤን4020 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ካርቶኑን የከፈቱ ቀን ጀምሮ የዘገየ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሊሻሻል አይችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢሮ የወጣ 8ኛ ጀነሬሽን አይ5 በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ሚኒው፦ ለኮንዶሚኒየም ቤት የምወደው

ሚኒ ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ የጠቀስኳቸው የቢሮ ማሽኖች ትንሹ ወንድም ሲሆን፣ ዴል ማይክሮ፣ ኤችፒ ሚኒ፣ ሌኖቮ ታይኒ ይሉታል፤ ወፍራም መጽሐፍ የሚያክል ነው። ሁለተኛው በአዲስነቱ የሚሸጥ፣ ብዙውን ጊዜ ኤን100 የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ሳጥን ነው። ኤን100 በ2023 የወጣ፣ አራት ኮር ያለው፣ ለጽሑፍና ለቪዲዮ የሚበቃ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ 6 ዋት አካባቢ ብቻ የሚወስድ ነው። ከሁለቱ ያገለገለው የቢሮ ሚኒ በፕሮሰሰር ይበልጣል፤ አዲሱ በጸጥታና በኤሌክትሪክ ቁጠባ።

ከሞኒተሩ ጀርባ በብሎን ሊታሰር ስለሚችል ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቦታ አይዝም። የሚሠራው በላፕቶፕ ዓይነት አዳፕተር ስለሆነ የኃይል ክፍሉ ቢበላሽ አዳፕተሩን መቀየር ይበቃል። በዩፒኤስ ላይም ከትልቁ ሳጥን ብዙ ረዝሞ ይቆያል፤ መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ፣ ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም። በተዘጋ መሳቢያ ወይም በቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ ከታፈነም ይሞቃል። ሲገዙ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን፣ በላዩ የተጻፈው ዋትም ማሽኑ ከሚጠይቀው አለማነሱን ይመልከቱ።

ሦስቱ ሌሎች

ሞኒተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነው ኦል ኢን ዋን ሲታይ ያምራል፣ ሽቦም አይበዛበትም። እኔ ግን ለቤት አልመክረውም። ስክሪኑ ሲሰበር ኮምፒውተሩም ይቆማል፤ ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ደህናው ስክሪን አብሮ ይቀመጣል።

አሜሪካ ያለ ልጅ ለወላጆቹ ማክ ሚኒ ሲልክ አያለሁ። በ2024 መጨረሻ የወጣው ባለ ኤም4 ማክ ሚኒ አሜሪካ ውስጥ በ599 ዶላር የጀመረ፣ ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር የሚመጣ፣ በፍጥነቱ ከላይ የጠቀስኳቸውን አብዛኞቹን የሚያስከነዳ ማሽን ነው። ፒችትሪ ወይም ፓወር ግዕዝ የማያስፈልገው ቤት ሊደሰትበት ይችላል። ራሙ ግን ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፤ ሲበላሽም የሰፈሩ ባለሙያ እንደ ዴል አይከፍተውም።

ላፕቶፕስ? መብራት በቀን ለብዙ ሰዓት የሚጠፋበት ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ስለ ዴስክቶፕ የጻፍኩትን ትተው ላፕቶፕ ይግዙ፤ ቤት ውስጥ ከሞኒተርና ከኪቦርድ ጋር ያገናኙት። መብራት በመጠኑ የሚኖርበት ቤት ከሆነ ግን ዴስክቶፕ በተመሳሳይ ዋጋ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፣ ልጆች አንገታቸውን ሳያጎብጡ ይቀመጡበታል፣ ሳሎን ውስጥ ስለሚቀመጥም ልጁ ምን እንደሚያይ ወላጅ ያያል።

ከውጭ የሚላክ ከሆነ

አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኤሌክትሪካቸው ከእኛ 220 ቮልት ጋር ይቀራረባል። አሜሪካና ካናዳ ግን ወደ 120 ቮልት ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ማሽን ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ ይቀበላል፤ ይህም ከፓወር ሰፕላዩ ወይም ከአዳፕተሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንዳንድ ትልልቅ ሳጥኖች ግን ከጀርባቸው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር አላቸው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ሊሆን ይችላል። ሳይቀየር ሶኬት ላይ ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ላኪው ከማሸጉ በፊት ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎት፤ ተቀባዩም ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ ያድርገው።

የሶኬት መሰኪያው ቅርጽም ከአገር አገር ይለያያል፤ ገመዱን እዚሁ በሚገዛ ገመድ መቀየር ከአስማሚ ይሻላል። ኪቦርድም አያስልኩ፤ የጀርመኑና የፈረንሳዩ የፊደል አቀማመጥ የተለየ ነው፣ ኪቦርድ እዚህ በቀላሉ ይገኛል።

መብራትና ዩፒኤስ

ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ ዩፒኤስ ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የኮምፒውተሩ አካል ነው፤ በበጀትዎ ውስጥ ከመጀመሪያው ያስገቡት። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፤ አንዱ በሌላው አይተካም።

ለአንድ የቢሮ ዴስክቶፕና ለአንድ ሞኒተር 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ይበቃል። የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሥራ ለማስቀመጥና በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ለመቀጠል አይደለም። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ዩፒኤሱን ሳይጥሉ ባትሪው ብቻ ይቀየራል። ሌዘር ፕሪንተር ፈጽሞ አይሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ሞኒተሩና ገመዱ

በየቀኑ ዓይን የሚያርፍበት እሱ ስለሆነ ከፕሮሰሰሩ ቀንሰው ለሞኒተሩ ቢጨምሩ ይጠቀማሉ። 22 ወይም 24 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ ከተቻለ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ አይፒኤስ ከጎን ሲታይ ቀለሙ አይለወጥም። ሳሎን ያለውን ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ መጠቀም ለፊልም ይሆናል፤ ለጽሑፍ ግን፣ በተለይ 1366 በ768 የሆነው ባለ 32 ኢንች፣ ፊደሉን ያደበዝዘዋል።

ያገለገሉት የቢሮ ማሽኖች መውጫቸው ብዙውን ጊዜ ዲስፕሌይፖርት ነው። የእርስዎ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ ብቻ ካለው ቤት ደርሰው ገመዱ እንቢ ይልዎታል። ትክክለኛው ገመድ ወይም መቀየሪያ አብሮ ይገዛ፤ ሱቅ ውስጥም በዚያው ገመድ ይሞከር።

ሱቅ ውስጥ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ማሽኑ ይከፈትልዎት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ፤ የሚከፈተው መስኮት ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ሲመርጡ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠን፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ (የድሮው ሃርድ ዲስክ) ያያሉ። ሻጩ የተናገረውና የተለጠፈው ከዚህ ጋር ካልገጠመ መስኮቱ ላይ የተጻፈውን ይመኑ። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ቀጥሎም አክቲቬሽን ገብተው ዊንዶውሱ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣ። ሲነሣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግመው ይጫኑ፤ ይህ ባዮስ የሚባለውን የማሽኑን መሠረታዊ ማስተካከያ ይከፍታል። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የቆለፈው የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይግዙት፤ ነገ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ሲያስፈልግ መከራ ያመጣል። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ትንሽ ቆይተው እንደገና ያስነሡት፤ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ባትሪዋ ርካሽ ስለሆነች እዚያው ትቀየር፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በፍላሽ ይሞክሯቸው፣ ድምፅም ያጫውቱ። ለሩብ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወቱ ቢያቆዩት የማራገቢያው ጩኸትና ሙቀቱ ይታወቃል።

ደረሰኙ ላይ የሞዴሉ ስም፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ኤስኤስዲውና የዋስትናው ጊዜ በዝርዝር ይጻፍ። «ኮምፒውተር 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ ሲጣሉ አይረዳዎትም። ዋስትናው መልሶ መቀየርን ይጨምር እንደሆነ ወይም ጥገና ብቻ መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ቤት እንደደረሱም ማሽኑን በካርቶን አያቆዩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ረዘም ላለ ሰዓት ያሠሩት፣ የሚበላሽ ከሆነ ዋስትናው ሳያልቅ ይታወቅ።